ባለቤቱ ማን ነው?

አያቴ የጻፉልኝ የመጨረሻ ነገር ሦስት ቃል ነው፦ «ኀደገ ቤተ ነፋስ»።

ከደብተር ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው። ከሥሩ «ነሐሴ 18 ቀን 2013» ይላል። አጎቴ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝና «የኔታ ለዚያ ልጅ ላክለት ብለውኝ ነው» ብሎ ጻፈበት። እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። አንብቤ ለመረዳት ሁለት ሰከንድ አልፈጀብኝም። «የነፋስን ቤት ጥሎ ሄደ»። እኔን ነው። ስልኩን ገለበጥኩትና ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሁለት ዓመት ተኩል ያህል እንደዚያ እንደተረዳሁት ኖርኩ። ከዚያ እርግጠኝነቴን አጣሁ። ያሳጣኝ ነገር ደግሞ፣ አትሳቁብኝና፣ አንድ የላቲን ስም ነው።

ከመነሻው ልጀምር። ንፋስ መውጫ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ደብረ ታቦርን አልፋችሁ፣ የጉናን ተራራ ከኋላችሁ ትታችሁ የምታገኟት የላይ ጋይንት ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። ስሟ ቀልድ አይደለም። ገብስና ድንች ይበቅላል፤ ከሰዓት በኋላ ግን አገሩ የነፋሱ ነው። አያቴ ከተማዋን «ሙጻአ ነፋስ» እያሉ ነበር የሚጠሯት፣ ስሟን ወደ ግእዝ መልሰው። ቤታቸው ዳር ላይ፣ ገደሉን ፊት ለፊት የሚያይ ስለሆነ ደግሞ እሱን «ቤተ ነፋስ» ይሉታል። ቆርቆሮው ሌሊቱን ሙሉ ሲንኳኳ ነው ያደግኩት።

ጋይንት በትምህርት አገር ነው። ዘመናዊውን ማለቴ አይደለም። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም እኛው ጋይንት ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባም እዚያው። ቅኔ ስትሉ ደግሞ ሦስት ስም ይነሳል፦ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ። ዋድላ ለኛ ጎረቤት ነው፤ አያቴ ቅኔ የተማሩት እዚያ ነው። ተመልሰው መጥተው ቤታቸው አጠገብ ጉባኤ ዘረጉ። የቆሎ ተማሪዎቹ ጎጆ ከቤታችን ጀርባ ነበር። ለምዳቸውን ደርበው፣ አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው ሲወጡ ሲገቡ አያቸዋለሁ። ከተማሪው እስከ ቀበሌው ሊቀ መንበር ሁሉም ሰው «የኔታ» ነው የሚላቸው። እኔም «አባባ» ብያቸው አላውቅም፤ የኔታ ነበር የምላቸው።

እኔንም ሁለት ክረምት አስተምረውኛል። ማታ ማታ ግስ እናወርዳለን። ቀተለ፣ ቀደሰ፣ ተንበለ እያልን በጨለማ፣ በቃል። መብራት የለም፣ ደብተር የለም። ከሁሉም ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አንድ ሕግ ነው። ሁለት ስም በግእዝ ሲናበብ የፊተኛው ስም መጨረሻ ሳድስ ከሆነ ወደ ግእዝ ይለወጣል፤ ሣልስ ከሆነ ወደ ኃምስ፤ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ግን ንቅንቅ አይሉም። ቤት የነበረው ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተ መንግሥት፣ ቤተ መጻሕፍት። ሊቅ የነበረው ሊቀ መንበር። ዓመት የነበረው ዓመተ ምሕረት። ጸሐፊ የነበረው ጸሐፌ ትእዛዝ። ዜና ግን ዜና መዋዕል ብሎ ዝም። ሁላችንም በየቀኑ ስንጠቀምበት የምንውለው ሕግ ነው፤ ማንም ሕግ መሆኑን አይነግረንም እንጂ።

ሦስተኛው ክረምት ላይ ሰባተኛ ክፍልን አልፌ ነበር፤ አልሄድኩም። የፊዚክስ መጽሐፍ ይዤ ቤት ተቀመጥኩ። የኔታ ምንም አላሉኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር ብዬ የማስበው አሁን ነው፤ ያኔማ ተገላገልኩ። ከዚያ ባሕር ዳር ምሕንድስና፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኮድ። ለጥምቀት 2012 አንዴ ሄጄ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። «ምንድን ነው የምትሠራው?» አሉኝ። ለማስረዳት ሞክሬ ሞክሬ «ለማሽን ትእዛዝ እጽፋለሁ» አልኳቸው። «እንግዲያ ጸሐፌ ትእዛዝ ሆነሃላ» ብለው ሳቁ። ያ ሳቅ የመጨረሻው ነው፤ ያኔ አላወቅኩም።

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ገባ። ከተማዋ ለዘጠኝ ቀን ያህል በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። በሴቶቿ ላይ የደረሰውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከወራት በኋላ በሪፖርት አውጥቶታል፤ እኔ እዚህ አልደግመውም፤ ከኔ ቤት ያልሆነ ቁስል ነው። ከኔ ቤት የሆነውን ልናገር። ስልክ አይሠራም። በቀን ሃምሳ ጊዜ እደውላለሁ፤ «የደወሉላቸው ደንበኛ» ትለኛለች ሴትዮዋ። ቢሮ እየገባሁ፣ እየሠራሁ፣ ምሳ እየበላሁ ነበር። ሰው ለካ እንደዚያም ሆኖ ምሳ ይበላል። ስልክ የተመለሰ ቀን አጎቴ «ሁላችንም አለን» አለኝ። ቤቱም አለ። በሩን ሰብረው አልገቡም፣ ማንም አልነካውም፣ ጎረቤት ያለው ቤት ግን ተዘርፏል። የኔታ ስልክ መስማት አይችሉም፤ ጆሯቸው ከከበደ ቆይቷል። ከዚያ በሳምንት ውስጥ ያ ፎቶ መጣ።

ኀደገ ቤተ ነፋስ።

ኀደገ ማለት ተወ፣ ጣለ፣ ለቀቀ ነው። አንብቤ አፈርኩ። አልደወልኩም። ማለቴ፣ ለአጎቴ ደውያለሁ፤ ስለ ጽሑፉ ግን አንድም ቀን አላነሳሁም። «ምን ማለታቸው ነው?» ብዬ መጠየቅ እችል ነበር። ሰው መልሱን ያወቀ ሲመስለው አይጠይቅማ። የካቲት 2014 ላይ አረፉ። በወረታ በኩል ዞሬ የደረስኩት ለሠልስቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የሥራ ጉዳይ ነው። በ2016 አንድ ፕሮጀክት ላይ ነበርኩ፤ ብዙ የቆዩ አማርኛና ግእዝ ጽሑፎች ውስጥ ቃል የሚፈልግ ሲስተም። ችግሩ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ተገለጠ። ሰውየው «ቤት» ብሎ ይፈልጋል፤ ማሽኑ «ቤተ»ን አያገኝም። ለማሽን ት እና ተ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ልክ እንደ ት እና ጰ። የላቲን ፊደል ቢሆን ኖሮ መጨረሻ ላይ አንድ አናባቢ ተጨመረ ተብሎ ያልፋል፤ የኛ ፊደል ግን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ምልክት ስለሚይዝ ቃሉ ሲረባ የፊደሉ መልክ ራሱ ይቀየራል።

እዚህ ጋ ደስ ያለኝን ነገር ልንገራችሁ፣ ኮድ የማይወድ ይዝለለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እያንዳንዱ ቤት በስምንት በስምንት ቦታ ተደርድሮ። የ ተ ቁጥር 1270 ነው፤ ቱ 1271፣ ቲ 1272፣ ታ 1273፣ ቴ 1274፣ ት 1275። በሁሉም ፊደል ያው ነው። ስለዚህ ሳድስን ወደ ግእዝ መለወጥ ማለት በቃ 5 መቀነስ ነው። ሣልስን ወደ ኃምስ መለወጥ 2 መደመር ነው። የኔታ ሁለት ክረምት በጨለማ ያስወረዱኝን ሕግ በአራት መስመር ጻፍኩት። ሠራ። አንደኛ ነገር የተሰማኝ ኩራት ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ይህን የማሳየው ሰው እንደሌለኝ።

ብዙ ቁጥሩ ግን በ5 አይቀነስም። ቤት አብያት፣ ንጉሥ ነገሥት፣ መንበር መናብርት፤ ቃሉ ከውስጡ ነው የሚሰበረው። ለዚህ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት አውቀዋለሁ፤ በ1948 የታተመው ትልቁ መጽሐፍ የኔታ መደርደሪያ ላይ ነበር። አደራደሩ ግን በሀ ሁ ሳይሆን በአ በ ገ ደ ነው፤ በዲጂታል መልክም እኔ ለፈለግኩት ነገር የሚሆን አላገኘሁም። በዲጂታል ያገኘሁት የአውጉስት ዲልማን ነው። ጀርመናዊ ነው፤ በ1865 ያሳተመውን የግእዝ መዝገበ ቃላት ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ኢንተርኔት ላይ አውጥተውታል። እያንዳንዱ ቃል የት መጽሐፍ ላይ፣ ስንተኛው ቁጥር ላይ እንደሚገኝ ሳይቀር ያሳያል። አንድ ችግር ብቻ አለው። ትርጉሙ በላቲን ነው።

አስቡት። የንፋስ መውጫ ልጅ፣ የቅኔ መምህር የልጅ ልጅ፣ የገዛ አያቱን ቋንቋ ለማንበብ መጀመሪያ ላቲን ሊማር። ስቄያለሁ። ከዚያ ተማርኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ነገሩ አዲስም አይደለም። ከዲልማን ሁለት መቶ ዓመት በፊት ሂዮብ ሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስውንና መዝገበ ቃላቱን በ1661 ለንደን ላይ ሲያሳትም የጻፈው በላቲን ነው። ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። የአስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ፣ የአምሐራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ ሮም ተገናኙ፣ በ1652 ጎታ ድረስ ሄደው አብረው ሠሩ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ በ1658 እስክንድሩን አጠገብ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። መጽሐፉን አላዩትም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ይህን ሳነብ መውረጃዬን አለፍኩት።

ላቲን ላይ ስም አምስት ረድፍ አለው፤ እያንዳንዱ ስም በዐረፍተ ነገር ውስጥ በሚሠራው ሥራ መሠረት ጭራውን ይቀያይራል። ባለቤት ሲሆን አንድ መልክ፣ ተሳቢ ሲሆን ሌላ፣ አገናዛቢ ሲሆን ሌላ፣ «ለ» የሚባልበት ሌላ፣ «ከ» እና «በ» የሚባልበት ሌላ። ጀማሪ ሁሉ የሚያለቅስበት ስም ደግሞ ዶሙስ ነው፤ ቤት ማለት። ዶሙስ አስቸጋሪ ነው፣ ግማሹን ከአራተኛው ረድፍ፣ ግማሹን ከሁለተኛው ይወስዳል። ባለቤት ሲሆን ዶሙስ፣ ሲሳብ ዶሙም፣ «ከቤት» ሲሆን ዶሞ። ከዚያ በላይ አብዛኞቹ ስሞች ድሮ የጣሉትን አንድ መልክ እሱ ይዞ ቀርቷል፤ ዶሚ። «ቤት ነኝ» ማለት። ያለ ምንም መስተዋድድ። ወደ ቤት መሄድም እንደዚያው፤ ዶሙም ካላችሁ በቃ፣ «ወደ» አያስፈልግም። የኛም አማርኛ «ቤት ገባሁ»፣ «ቤት ነኝ» ነው የሚለው። (ዶሜስቲክ የምንለው ከዚህ ነው የመጣው። ዶርም ግን ከዚህ አይደለም፤ እሱ ከእንቅልፍ ነው የመጣው፣ የግቢ ተማሪ ይመስክር።)

ግእዝስ? ግእዝ ከዚህ ሁሉ ሁለት መልክ ብቻ ነው የያዘው፦ ቤት እና ቤተ። ዘመዱን ዐረብኛን ብታዩ ሦስት አለው፤ ባይቱ ባለቤት፣ ባይታ ተሳቢ፣ ባይቲ አገናዛቢ። ግእዝ ውስጥ አጫጭሮቹ ኡ እና ኢ ተዋሕደው ሳድስ ሆነው ጠፉ፤ የተረፈው አ ብቻ ነው፣ እሱም ግእዝ ሆነ። ስለዚህ «ንጉሥ» ብቻውን ብታገኙት ባለቤት ይሁን አገናዛቢ መልኩ አይነግራችሁም። «ቤተ» ደግሞ ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። ተሳቢም ሲሆን ቤተ ነው፤ ሲናበብም ቤተ ነው።

ይህን ሁሉ እንደ ሰንጠረዥ ነው ያጠናሁት። ሰንጠረዥ እወዳለሁ። ለልምምድ ብዬ ከግእዝ ወደ ላቲን አጫጭር ዐረፍተ ነገር መተርጎም ጀመርኩ። አንድ ማታ የራሴን ፈጠርኩ፦ «ሐነጸ ቤተ ንጉሥ»። ሐነጸ፣ ገነባ። ዶሙም፣ ቤትን። ከዚያ ንጉሥ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሬክስ ልበል ወይስ ሬጊስ? ሬክስ ካልኩ ንጉሡ ቤት ገነባ ነው። ሬጊስ ካልኩ እሱ፣ የሆነ ሰው፣ የንጉሡን ቤት ገነባ ነው። ግእዙ ሁለቱንም ነው። ያለ ዙሪያው ዐረፍተ ነገር መለየት አይቻልም። ላቲኑ ግን ጭራ ምረጥ ይላል፤ ሳይመርጡ ማለፍ የለም።

ወንበሬ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ቴሌግራም ከፍቼ ወደ 2013 ወደ ኋላ መሳብ ጀመርኩ።

ኀደገ ቤተ ነፋስ።

ነፋስ። ቬንቱስ ወይስ ቬንቲ? ቬንቲ ካልኩ «የነፋስን ቤት ጥሎ ሄደ» ነው፤ እኔ ነኝ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ያነበብኩት። ቬንቱስ ካልኩ ነፋስ ባለቤት ይሆናል። «ነፋስ ቤትን ተወ»። ነፋሱ ቤቱን ሳይነካ ተወው። ነሐሴ 18 ቀን 2013፣ ያ ሁሉ አልፎ፣ ጎረቤት ተዘርፎ፣ ያ ቤት ተርፎ። ለልጁ ላክለት ያሉት ይህንን ቢሆንስ? አንድ ጆሮው የማይሰማ ሽማግሌ፣ ስልክ ማውራት የማይችል፣ አዲስ አበባ ሆኖ በቀን ሃምሳ ጊዜ ለሚደውል ልጅ «ቤቱ ተርፏል፣ አይዞህ» ያለ ቢሆንስ?

አንድ ነገር አስቆጣኝ። አማርኛም እኮ ያስመርጣል። «ነፋስ ቤቱን ተወው» እና «የነፋስን ቤት ተወ» ፈጽሞ አይመሳሰሉም። ታዲያ ለምን ያኔ አልታየኝም? መልሱን ሳስበው፣ አማርኛ ይፈጥንብኛል። ዓይኔ ፊደሉን ሳያይ አእምሮዬ መርጦ ጨርሷል፤ የመረጠልኝ ደግሞ ጥፋተኝነቴ ነው። ላቲን ላይ ግን ቀርፋፋ ነኝ። እያንዳንዱን ጭራ በጣቴ ሰንጠረዥ ላይ እየፈለግኩ ነው የማነበው። የማልችለው ቋንቋ ነው ያዘገየኝ።

የኔታ ዘንድ ብማር ኖሮ በሦስተኛው ክረምት የምደርስበት ነገር እንደነበረ በኋላ ነው የገባኝ። ይህን ያወቅኩት ከድሮ ተማሪዎቻቸው አንዱን ፈልጌ ሳገኝ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ አንድ ደብር መሪጌታ ናቸው። ልጅ ሆኜ ዳቤ እያመጣሁ የምሰጣቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስልኬን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው አወጡና ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት።

«ጽሕፈታቸው ነው» አሉ። ለትንሽ ጊዜ ዝም። «ታዲያ ባለቤቱ ማን ነው?»

«እሱን ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«አየህ፣ የኔታ ቢሆኑ መጀመሪያ የሚጠይቁህ ይኸንን ነው። ነፋስ ባለቤት ነው ወይስ ዘርፍ?»

እዚህ ጋ ልብ በሉ። የኛ ሰዋስው ድርጊቱን የሚያደርገውን ስም «ባለቤት» ነው የሚለው። ስንት ዓመት ትምህርት ቤት ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ አስምሩ ስንባል፣ ቤት ያለው ሰው ማለት እንደሆነ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ሁለቱም ሊሆን ይችላል» አልኳቸው። የቅኔ ቤት ሰው ያው «ሰምና ወርቅ ነው፣ ሁለቱም ነው» ብሎ ያሳርፈኛል ብዬ ነበር። አላሉም።

«ይችላል። ግን አልጨረሱትም እኮ» አሉ። «ይኸ እንኳን ቅኔ፣ አንድ ቤት አልሞላም። ትንሹ ቅኔ ጉባኤ ቃና ነው፤ እሱም ሁለት ቤት አለው። የመጀመሪያው ቤት ላይ የተሰወረውን ሁለተኛው ቤት ነው የሚያወጣው። ሁለተኛውን ቤት ሳላይ ነፋስን ምን እንዳደረጉት እንዴት አድርጌ እነግርሃለሁ? ሁለተኛው ቤት የት አለ?»

የቅኔ ስንኝ «ቤት» እንደሚባል አውቃለሁ፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዋዜማ አምስት ቤት፣ ሥላሴ ስድስት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት። አውቃለሁና ደግሞ ረስቼዋለሁ። ፎቶውን አሰፋሁት። ከሦስቱ ቃላት በታች ቀኑ አለ፤ ከቀኑ በታች ባዶ መስመር ነው።

ለአጎቴ ደወልኩ፤ በዚያ ሰሞን መስመሩ ይመጣል ይሄዳል፣ በአራተኛው ቀን አገኘሁት። ደብተሩን ፈልግልኝ አልኩት። አገኘው። ቀጣዩን ገጽ አንብብልኝ አልኩት። «ገብስ ነው» አለኝ። «ምን ገብስ?» «የገብስ ሒሳብ። ለተማሪዎቹ ስንት ቁና እንደተሰፈረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ገብስ ነው።» የመጨረሻዎቹን ገጾች አንድ በአንድ ገልጦ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። እውነትም ገብስ ነው።

ይህን ለመሪጌታ ስነግራቸው ብዙ አልተደነቁም። ሽማግሌ ቅኔ ሲቆጥር ቆይቶ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ሰው ይመጣበታል፣ ገብስ ይሰፍራል አሉ። እሳቸው ራሳቸው ጀምረው የተዉት ብዙ ነው። ከዚያ «ለምን አንተ አትሞክረውም?» አሉኝ። መጀመሪያ የቀለዱ መስሎኝ ነበር።

አሁን ስድስተኛ ወሬ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ድንጋዩ ላይ ሄጄ የቆጠርኩትን እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ይጥሉታል። ኮድ ስጽፍ እንኳ እንደዚህ አላፍርም። አንዱን ዜማው ሞተ ብለው ጣሉት። አንዱን ማሰሪያ የለውም ብለው ጣሉት። አንዱን ሰምተው ብዙ ሳቁና ለምን እንደሳቁ አልነገሩኝም። ያለፈው ሳምንት የላክሁትን ግን በቴሌግራም ጽፌ ስለነበር መልስ በድምፅ ላኩልኝ፤ ዐሥራ አንድ ሰከንድ። ከበስተጀርባ የጽናጽል ድምፅ ይሰማል።

«መጣህ፣ መጣህ፣ ቀርበሃል። ግን ሦስተኛው ቃልህ ላይ ቤት አልክ። ተሳቢ አይደለም እንዴ? ቤተ በል እንጂ የኔ ልጅ።»

ከፍቼ አየሁት። እውነትም ቤት ብያለሁ። 5 መቀነስ ረስቼ።